ግልጽ ደብዳቤ፦ ስሟ ተጽፎላታል፣ ዓመቷ ይታረምላት

ለሆሊውድ ፎርኤቨር መካነ መቃብር አስተዳደር
ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ

ጉዳዩ፦ በተዋናይት ፍሎረንስ ሎውረንስ የመቃብር ጽሑፍ ላይ ያለው የልደት ዓመት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እንግሊዝኛውም ይደርሳችኋል። ግን በዚህ ከተማ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚውሉ ወገኖቼም አብረው እንዲያነቡት ፈለግሁ። እነሱ በጉዳዩ ምን እንዳገባቸው ወደ ታች ስንወርድ ግልጽ ይሆናል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ፍሎረንስ ሎውረንስ የምትባል የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ተቀብራለች። የመቃብሯ ጽሑፍ "የባዮግራፍ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ" ይላል። ዓመቱ ደግሞ 1890–1938 ነው። የሞተችበት ልክ ነው። የተወለደችው ግን በ1886 ነው። አራት ዓመት ተቀንሶባታል።

"አራት ዓመት ምን አላት?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር እኛ ሐበሾች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አፍ የለንም። ስንቶቻችን ነን በወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድነው! ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንድ ዓመት የጎደለበት፣ ሰባት ዓመት ያተረፈ፣ ከታናሽ ወንድሙ ያነሰ ሰው በየቤቱ አለ። የፍሎረንስ ግን የአቆጣጠር ጣጣ አይደለም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እሷ ላይ የተጓደለው ነገር ከዓመቱ በፊትም ብዙ ስለሆነ ነው ይህችኛዋን ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

እናንተ ታሪኳን ታውቁት ይሆናል። ግልባጭ የሚደርሳቸው ወገኖቼ ግን ስሟን ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ለእነሱ ላውራ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1886 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ከተማ ተወለደች። ፍሎረንስ አኒ ብሪጅውድ ብለው አወጡላት። አባቷ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ይሠራ ነበር። እናቷ ሻርሎት ደግሞ በመድረክ ስሟ ሎታ ሎውረንስ ተብላ የምትታወቅ ተዋናይት ናት። የራሷን የቲያትር ቡድን ይዛ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። ልጅቷም በአራት ዓመቷ ሎውረንስ የሚለውን የመድረክ ስም ያዘች። "ሕፃን ፍሎ" እየተባለች ሕዝብ ፊት መቆም የጀመረችው ገና በእናቷ ጉያ ሳለች ነው። እንግዲህ አስሉት። ድንጋዩ "ተወለደች" በሚልበት በ1890 እሷ የመድረክ ስም ነበራት።

ወላጆቿ ተለያዩ። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቡፋሎ ተሻገረች። የቲያትር ሕይወት በባቡርና በርካሽ ሆቴል የሚያልፍ ሕይወት ነው። ፍሎረንስ ከዚያ ሁለት ነገር ይዛ ወጣች፦ ሰው ፊት አለማፈርን እና ፈረስ ግልቢያን። ወደ ፊልም ያስገባት ሁለተኛው ነው። የኤዲሰን ኩባንያ በ1907 ዳንኤል ቡን ስለሚባል የድሮ አሜሪካዊ አሳሽ ፊልም ሲሠራ ፈረስ የምትጋልብ ልጅ ፈለገ። እሷም እናቷም ተቀጠሩ። በቀን አምስት ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ቀረጻው ሜዳ ላይ ነው፣ ያውም አጥንት በሚሰብር ብርድ።

ቀጥላ ብሩክሊን ወደነበረው ቫይታግራፍ ኩባንያ ሄደች። እዚያ በሳምንት 20 ዶላር ነበር የሚከፈላት። ለዚያ 20 ዶላር ትወና ብቻ አይደለም የምትሠራው። ልብስም ትሰፋለች። በ1908 ባዮግራፍ የሚባል ሌላ የፊልም ኩባንያ በ25 ዶላር፣ ያለ ስፌት፣ ለትወና ብቻ ሲጠራት አላመነታችም። የባዮግራፍ ስቱዲዮ ኒውዮርክ፣ 14ኛ መንገድ ላይ ያለ መኖሪያ ቤት የነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ግሪፊዝ ይባላል። ገና ሥራውን መጀመሩ ነው። በዚያ ዓመት ወደ 60 ገደማ አጫጭር ፊልሞች ሠራ። በአብዛኞቹ ውስጥ እሷ አለች። በዚያው በ1908 እዚያው ይሠራ የነበረውን ተዋናይ ሃሪ ሶልተርን አገባች።

የዚያ ዘመን ፊልም ከዛሬው ጋር አይገናኝም። አንዱ ፊልም አንድ ጥቅል ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢቆይ ነው። በጥቂት ቀን ተሠርቶ ያልቃል። ኩባንያዎቹ በሳምንት ሁለት ሦስቱን ያወጣሉ። ፊልሙ ላይ የማንም ተዋናይ ስም አይጻፍም። የዳይሬክተሩም የለም። ያለው የኩባንያው አርማ ብቻ ነው።

ሕዝቡ ግን ዓይን አለው። ፊቷን ለየ። በየከተማው ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች የሚገቡ ሰዎች "ያቺ ልጅ" ማለት ጀመሩ። ወደ ስቱዲዮው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ማን ናት? ስሟ ማን ነው? ኩባንያው አልነግርም አለ። ሕዝቡም ራሱ ስም አወጣላት። "የባዮግራፍ ልጅ" አላት። የኩባንያ ስም የተለጠፈበት ሰው ማለት ነው።

ለምን ደበቁ? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ። ስሟ የታወቀ ተዋናይ ዋጋዋን ታውቃለች። ዋጋዋን ያወቀች ደግሞ ጭማሪ ትጠይቃለች። በቲያትር ስም ያላቸው አንዳንድ ተዋናዮች ራሳቸው በፊልም መታየቱን እንደ ውርደት ቆጥረው ስማቸው እንዳይወጣ ይፈልጉ እንደነበር አይካድም። ፍሎረንስ ግን ከእነዚያ ወገን አልነበረችም። ባዮግራፍ የተዋናዮቹን ስም በይፋ ማውጣት የጀመረው እስከ 1913 ዘግይቶ ነው። እሷ ከሄደች ዓመታት ካለፉ በኋላ መሆኑ ነው።

የዚያን ጊዜ ፊልሞቿ ዛሬም ይታያሉ። ይህ ራሱ ተአምር ነው። ከድምፅ አልባው ዘመን ብዙው ፊልም ተቃጥሏል፣ ተበላሽቷል፣ ተጥሏል። የባዮግራፎቹ የተረፉት በወረቀት ነው። ኩባንያው ለባለቤትነት ምዝገባ ሲል ፊልሙን ምስል በምስል ወረቀት ላይ አትሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስገባ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ተመልሶ ወደ ፊልም ተገለበጠ። ለፍርድ ቤት ሙግት የተቀመጠ ማስረጃ ታሪክ አዳነ።

እኔ ከሁሉ የምወዳት ቀልድ ላይ ነው። በ1909 በወጣ አንድ ፊልም ሀብቱ የሰለቻት ወይዘሮ ሌዲ ሄለንን ሆና ትሠራለች። ሴትየዋ ቤቷ ሁሉ ሞልቶ ሳለ አንድ አዳሪ ቤት በሠራተኛነት ትቀጠራለች። እዚያም አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ልቧን ይወስደዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ያንን መሰልቸቷን እዩት። ሁሉ ነገር በፊቷ ነው። በሼክስፒር ተውኔት ላይ የተመሠረተችው የ1908ቷ ፊልም ላይ ደግሞ ያቺን የማትገራ ካታሪናን ሆናለች። እዚያ ሌላ ሰው ናት። ዕቃ ይበራል፣ ሰው ይገፈተራል። አሥር ምናምን ደቂቃ ለመስጠት ፈቃደኛ ለሆነ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ አሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፍሎረንስና ባሏ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ኤሳናይ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ጻፉ። ኤሳናይ መልስ ለእነሱ ሳይሆን ለባዮግራፍ ነገረ። ሁለቱም ወዲያው ተባረሩ። እንዴት እንዲህ ይሆናል ካላችሁ፣ በዚያ ወቅት ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ1908 መጨረሻ በኤዲሰን መሪነት አንድ ማኅበር መሥርተው ነበር። የካሜራውን፣ የማሳያ መሣሪያውን፣ የጥሬ ፊልሙን መብት አንድ ላይ ይዘዋል። ማን ምን እንደሚሠራ እነሱ ናቸው የሚወስኑት። ባዮግራፍም ኤሳናይም አባል ናቸው። ከአንዱ የኮበለለን ተዋናይ ሌላው ጆሮውን ይዞ ይመልሰዋል።

ከማኅበሩ ውጭ የሚታገል አንድ ሰው ግን ነበር። ካርል ለምሊ ይባላል። ኋላ ዩኒቨርሳልን ያቋቋመው ሰው ነው። አይ.ኤም.ፒ የሚባል አዲስ ኩባንያ ከፍቶ ነበርና በ1909 ፍሎረንስን ወሰዳት። ከዚያ የሆነው ነገር በየፊልም ታሪክ መጽሐፉ አለ። በ1910 መጀመሪያ ላይ "የባዮግራፍ ልጅ በኤሌክትሪክ ባቡር ተገጭታ ሞተች" የሚል ወሬ ተነሳ። በማርች ወር ለምሊ በፊልም ነጋዴዎች መጽሔት ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አወጣ። ውሸት ነው፣ ተቀናቃኞቼ ያስወሩት ነው፣ እነሆ ፎቶዋ፣ በሕይወት አለች፣ ከእኔ ጋር እየሠራች ነው አለ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የሞቷን ወሬም ያስወራው እሱ ራሱ ነው ሲሉ ኖረዋል። የዛሬ ዩቲዩበሮች አዲስ ነገር የፈጠሩ እንዳይመስላቸው።

እንዲህ ሆኖ ስሟ ወጣ። ፍሎረንስ ሎውረንስ። በዚያው ወር መጨረሻ ሴንት ሉዊስ ከተማ በአካል እንድትታይ ተወሰደች። ባቡር ጣቢያው በሰው ተጨናነቀ። ከልብሷ ላይ ቁልፍ የነጠቁ እንደነበሩ ይወራል። የፊልም ተዋናይ ለማየት ሕዝብ ሲጋፋ ያኔ አዲስ ነገር ነበር።

"የመጀመሪያዋ ኮከብ" የሚለው ላይ መከራከር ይቻላል። ቫይታግራፍ ፍሎረንስ ተርነር የምትባል ሌላ ተዋናይት ነበረችው። እሷም በዚያው ሰሞን በስሟ መታወቅ ጀምራለች። ፈረንሳዮች ደግሞ የእኛን የቀልድ ተዋናይ ማክስ ሊንደርን ትታችሁ ማንን ነው የምታወሩት ይላሉ። እኔ በዚህ አልሟገትም። ስሟን የከለከሏትና ስሟን የሸጡላት ሁለቱም ነጋዴዎች ነበሩ። ተቀጥሮ የሠራው ፊት የእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ በፍጥነት ልለፍ። በ1911 ፊላደልፊያ ወደነበረው ሉቢን ኩባንያ ሄደች። በ1912 በለምሊ ድጋፍ ከባሏ ጋር ቪክተር የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስቱዲዮው ኒው ጀርሲ፣ ፎርት ሊ ነበር። የራሳቸው ፊልም ኩባንያ ከነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። የእሷ ክፍያ በሳምንት 500 ዶላር፣ የባሏ የዳይሬክተርነት ክፍያ 200 ነበር። ባልየው ምን ተሰምቶት እንደነበር ብጠይቀው ደስ ይለኛል። እዚያው ኒው ጀርሲ ሰፊ መሬት ገዝታ ጽጌረዳ ትተክል ነበር። መኪናም ገዛች።

እዚህ ላይ ነው ሾፌር ወገኖቼ ጆሯችሁን የምፈልገው።

በዚያን ጊዜ መኪና ፍሬቻ የለውም። የፍሬን መብራትም የለውም። ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል እጅህን በመስኮት ማውጣት ነው። ከኋላ ያለው ካላየህ ጉድ ነህ። ፍሎረንስ ደግሞ መኪናን እንደ ነፍስ ያለው ነገር የምትወድ ሴት ነበረች። ራሷ ትነዳለች፣ ራሷ ትጠግናለች። በ1914 አንድ መላ ፈጠረች። አዝራር ስትጫን ከኋላ ፓራፋንጎው ላይ ምልክት ይነሳል፣ በየት በኩል እንደምትታጠፍ ያሳያል። ፍሬኑን ስትረግጥ ደግሞ "ቁም" የሚል ጽሑፍ ከኋላ ብቅ ይላል። ሐሳቡ ዛሬ በየመኪናችን ያለው ነው። መብራቱ ብቻ ነው የጎደለው።

ልጨምርና ላጋንን አልፈልግም። ከእሷ በፊትም እጅ የሚመስል የመታጠፊያ ምልክት ፈጥሮ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ያወጣ ሰው ነበር። እሷ ግን ፓተንት አላወጣችም። ስለዚህ አንድ ሳንቲም አላገኘችበትም። ቢዩክ በ1939 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ፍሬቻን ከፋብሪካ ገጥሞ ሲያቀርብ የእሷን ስም ያነሳ አልነበረም። እናቷም ከእሷ አትተናነስም። ያቺ ቡድን ይዛ ትዞር የነበረችው ሎታ በ1917 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዝናብ መጥረጊያ ፈጥራ ፓተንት አወጣች። ከዚያ በፊት የነበረው በእጅ እየተጎተተ የሚሠራ ነበር። እሷም አልተጠቀመችበትም። ገበያው ሳይቀበለው የፓተንቱ ጊዜ አለፈ። ሠረገላ ሠሪው አባት ይህን ሳያይ በ1898 ሞቷል።

ሥራዋን የሰበረው እሳት ነው። በ1914 አንድ ፊልም ሲቀረጽ ታሪኩ ቃጠሎ ነበረበትና ለቀረጻ የተለኮሰው እሳት ከቁጥጥር ወጣ። እሷ አብሯት የሚሠራውን ተዋናይ ተሸክማ ደረጃ እየወረደች ነበር። ተቃጠለች። ወደቀች። ጀርባዋ ተጎዳ። ለማገገም ወራት ፈጀባት። ተመልሳ ልትሠራ ሞከረች። በ1916 አንድ ረዘም ያለ ፊልም ጨርሳ እንደገና ወደቀች። ከባሏም ተለያዩ። እሱ በ1920 ሞተ።

ያ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት የሚጠብቅ ዘመን አይደለም። እሷ አልጋ ላይ ሳለች ፊልም ከኒውዮርክ ተነቅሎ ካሊፎርኒያ ገባ። ፊልሙም ረዘመ። ከእሷ በኋላ ባዮግራፍ ገብታ የነበረችው የቶሮንቶዋ ልጅ ሜሪ ፒክፎርድ የዓለም ንግሥት ሆነች። ፍሎረንስ በ1921 እንደገና ልጀምር ብላ ሆሊውድ ስትመጣ ገና 35 ዓመቷ ነበር። ተቀባይ አላገኘችም። ስሟን የሚያውቁት ያረጁ ሰዎች ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ከፈተች። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለቱም አልሆነም። በ1929 እናቷ ሞተችባት። የገንዘብ ገበያው የወደቀውም በዚያው ዓመት ነው።

በ1936 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የሚባለው ትልቅ ስቱዲዮ ለቀድሞ ኮከቦች የአጃቢነት ሚና እየሰጠ በሳምንት 75 ዶላር ይከፍላቸው ጀመር። እሷም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ከሩቅ የምትታይ፣ በሕዝብ መሐል የምታልፍ፣ ስሟ የማይጻፍ። ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ጀመረችበት ተመለሰች ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያናድደኛል። በጎ አድራጎቱን እየነቀፍኩ አይደለም። 75 ዶላር በዚያ ድቀት ጊዜ እንጀራ ነው። ግን የዚህን ኢንዱስትሪ በር ከከፈቱት አንዷን ቆሞ ለመታየት ብቻ ማሰለፍ ይከብዳል።

ከዚያ የአጥንት መቅኒ ሕመም ያዛት። ያኔ መድኃኒት አልነበረውም። ዲሴምበር 28 ቀን 1938 ራሷን አጠፋች። 52 ዓመቷ ነበር።

የቀብሯን ወጪ የሸፈነው የፊልም ሠራተኞች መረዳጃ ፈንድ ነው። እኛ እድር የምንለው ዓይነት ነገር። ሥርዓቱ ተፈጸመ፣ ግን ድንጋይ አልቆመም። ዛሬ እናንተ በምታስተዳድሩት በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቷ መቃብር ብዙም ሳትርቅ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለበት መሬት ሥር ተኛች። ከ50 ዓመት በላይ እንዲያ ቆየ። በ1991 ተዋናዩ ሮዲ ማክዶዋል ከኪሱ አውጥቶ ድንጋይ አስቀመጠላት። ስሙ እንዲነሳለትም አልፈለገም። እግዜር ይስጠው። ይህ ደብዳቤ እሱን ለመውቀስ የተጻፈ እንዳይመስል። እሱ ባይኖር ኖሮ ዓመቱ ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰውም አይኖርም ነበር።

እንግዲህ የልጅቷን ነገር ቁጠሩት። ስትሠራ ስሟን ከለከሏት። ስትሞት ያለ ስም ቀበሯት። ስሟ ሲጻፍላት ዓመቷ ተዛባ። ይህን የመጨረሻውን ማስተካከል ቀላሉ ነው።

ሊቃወመኝ የሚችል አንድ ክርክር አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ተዋናይት ዕድሜዋን መቀነሷ የተለመደ ነው፣ እሷም ወጣት ሆና መታወስ ትመርጥ ይሆናል፣ ተዋት የሚል። መጥፎ ክርክር አይደለም። ሰው በሕይወት ሳለ ዕድሜውን ቢቀንስ መብቱ ነው። እኔም ሳልቀንስ አልቀርም። ግን ከሞተች በኋላ ድንጋዩን የሚያነበው ጎብኚ ሌላ ሒሳብ ነው የሚሠራው። በ1890 የተወለደች ሰው በ1908 ባዮግራፍ ስትገባ 18 ዓመቷ ይሆናል። ድንገት የተገኘች ሕፃን፣ ዕድል የጠራት ቆንጆ ትመስላለች። እውነቱ እንዲያ አይደለም። 22 ዓመቷ ነበር፣ ከኋላዋም የ18 ዓመት ያህል የመድረክ ልምድ ነበራት። ያቺ አራት ዓመት ልምዷን ነው የሰረቀቻት።

እናንተ ደግሞ የቀድሞ ጥፋት ማረም እንደምትችሉ በተግባር አሳይታችኋል። ሃቲ ማክዳንኤልን ማለቴ ነው። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት። በ1952 ስትሞት እዚህ ግቢ እንድትቀበር ተናዝዛ ነበር። የዚያን ጊዜው ባለቤት ጥቁር ናት ብሎ ከለከለ። ግቢው በ1998 ወደ አዲስ ባለቤት ከተላለፈ በኋላ፣ በ1999 አፅሟ ወደዚህ እንዲዛወር ለቤተሰቧ ጥያቄ ቀረበ። ቤተሰቡ ካረፈችበት አትነሳ ሲል፣ በሐይቁ ዳር መታሰቢያ ሐውልት ቆመላት። እኛ ጥቁር ስደተኞች እዚያ ስንደርስ ቆም ብለን የምናነበው ነው። ማንም ሳያስገድዳችሁ ያደረጋችሁት ስለሆነ አከብረዋለሁ። የፍሎረንስ ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በጣም ቀላል ነው፣ በጣምም ርካሽ።

የምጠይቀው ድንጋዩ እንዲነሳ አይደለም። ማክዶዋል ያኖረው እዚያው ይሁን። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ትንሽ ሳህን የምታህል ነሐስ ትቀመጥ። "ፍሎረንስ አኒ ብሪጅውድ፣ ሃሚልተን፣ ኦንታሪዮ፣ 1886" ትበል። ቦታ ከተረፈ በ1914 ስለሠራችው የመኪና ምልክት አንድ መስመር ይጨመር። የመጀመሪያዋ ፈጣሪ ናት አይባል፣ ሠርታለች ብቻ ይባል፣ በቂ ነው። ዓመቱን ለማረጋገጥ የልደት መዝገብ ከኦንታሪዮ ማስመጣት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚመለከተው ሰው ይጠይቅ፣ ወጪውን እኛ እንችላለን።

ሌላም አለኝ፣ ይኼኛው ጥያቄ ሳይሆን ሐሳብ ነው። በበጋ ማታ ግቢያችሁ ውስጥ ፊልም ይታያል። ሰው ምንጣፉንና ምግቡን ይዞ ሣር ላይ ተቀምጦ በነጭ ግድግዳ ላይ ያያል። መቃብር ላይ ፊልም ሲባል እናቴ ብትሰማ ታማትብ ነበር። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከዋናው ፊልም በፊት አንድ ጊዜ የእሷን 12 ደቂቃ ብታሳዩ ምን ይመስላችኋል? ያ ሁሉ ሰው ከእግሩ ጥቂት እርምጃ ርቃ የተኛችውን ሴት ፊት አይቶ አያውቅም። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የሚከፈል የለም።

ለሾፌር ወገኖቼ ደግሞ ይህቺን ልበል። መቃብሩ ሳንታ ሞኒካ መንገድ ላይ ነው፣ ከፓራማውንት ስቱዲዮ ጀርባ። ከእኛ ከፌርፋክስ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ቱሪስት ጭናችሁ ስትሄዱ የድምፅ አልባ ፊልሙን ኮከብ የቫለንቲኖን መቃብር አሳዩን ይሏችኋል። እግረ መንገዳችሁን እሷንም አሳዩ። ታሪኳን ንገሩ። ጉርሻም ሳታስጨምር አትቀርም። በተረፈ በዚህ ከተማ ፍሬቻ ሳያበራ መስመር የሚቀይረው ሰው ብዛት... እሱን ሌላ ቀን በሌላ ደብዳቤ እመጣበታለሁ።

የነሐሷን ዋጋ አስጠንታችሁ ብታሳውቁን፣ መዋጮውን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። ለዚህ የሚሆን ልምድ አለን። የጽሑፉን ረቂቅም ከእንግሊዝኛው ደብዳቤ ጋር አያይዤ እልካለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሎስ አንጀለስ ሾፌር

ግልባጭ፦
በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ለምትገኙ አማርኛ አንባቢ ሾፌሮች
ለድሮ ፊልም ወዳጆች፣ ባላችሁበት